የጭድ አመዱ ፔፐር፦ ከኮምቦልቻ ላቦራቶሪ እስከ ጆርናል

ይህ የአንድ ፔፐር፣ ማለትም ጆርናል ላይ የሚታተም የምርምር ጽሑፍ፣ ጉዳይ ነው። ርዕሱ ኮንክሪት ውስጥ ከሚገባው ሲሚንቶ ከፊሉን በጤፍ ጭድ አመድ ስለመተካት ነው። ሥራው የተሠራው ኮምቦልቻ ነው። ዋናዋ ጸሐፊ ሁለተኛ ዲግሪዋን በሲቪል ምሕንድስና ጨርሳ አሁን ደሴ የምታስተምር ወጣት ናት። ሁለተኛው ጸሐፊ አማካሪዋ ነው። "ስማችን አይነሳ" ስላሉኝ አላነሳም፤ የላኩባቸውን ጆርናሎች ስምም እተወዋለሁ። እኔ መሀል የገባሁት በአንባቢነት ነው። ኮንክሪት ላይ ስለምሠራ ረቂቁን ሲላክም ሲመለስም አብሬያቸው አየሁት።

እኛ ዘንድ ፔፐር ሲመለስ መጀመሪያ የሚከሰሰው እንግሊዝኛ ነው። "ግራመሩን አሳምሩት" ይባላል። ለሚያርም ሰው ይከፈላል፣ እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይመለሳል። በዚህ ፔፐር ላይ ከሁለት ገምጋሚዎች ረጅም አስተያየት መጥቷል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስለ ቋንቋ የሚያወራው አንድ መስመር ነበር። የቀረው በሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ተደርጎ ደብተር ላይ ስላልሰፈረ ነገር ነው። እኔም ስለ ፎርማት ብዙ የማልለው ለዚህ ነው።

ሥራው ምን ነበር?

ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። የሩዝ ቅርፊት አመድና የሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት አመድ ለብዙ ዓመታት ተጠንተዋል። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከሚፈጥራቸው ነገሮች አንዱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህ ለጥንካሬ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። አመዱ በአግባቡ ተቃጥሎ ከላመ ግን በውስጡ ያለው ሲሊካ ከካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር ተዋህዶ ተጨማሪ ማያያዣ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ነገር ፖዞላን ይሉታል። አገራችን ውስጥ ፒፒሲ በሚባለው ሲሚንቶ ላይ የሚጨመረው ፐሚስ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ሥራው ይኸው ነው።

ጭዱ የተገዛው ሐርቡ አካባቢ ካሉ ገበሬ ነው። መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ተቃጠለ። ቀጥሎ ፈርነስ በሚባለው የላቦራቶሪ ምድጃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ተፈጭቶ በ75 ማይክሮን ወንፊት ተነፋ። ከሲሚንቶው ክብደት 5፣ 10፣ 15 እና 20 በመቶው በአመድ እየተተካ 150 ሚሊ ሜትር ኩቦች ተሞሉ። በ7 እና በ28 ቀን ተጨፈለቁ። እስከ 10 በመቶ ድረስ ጥንካሬው አመድ ከሌለበት ኮንክሪት ጋር ተቀራረበ። 15 እና 20 ላይ ቁልቁል ወረደ። የመመረቂያ ጽሑፉ "ምርጡ መጠን 10 በመቶ ነው" ብሎ ዘጋ። ፈታኞቹም ተቀበሉት።

ያንን ወደ ፔፐር ማሳጠሩ አድካሚ እንጂ ከባድ አልነበረም። ሲሚንቶ ምን እንደሆነ የሚያስተምረው ምዕራፍ ተቆረጠ። ሰንጠረዥም ግራፍም ሆኖ ሁለት ጊዜ የቀረበ ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ ቀረ። ከመመረቂያ ጽሑፉ ቃል በቃል የመጡ አንቀጾች ከሌላ ጽሑፍ ጋር መመሳሰልን የሚለካው ሶፍትዌር የሚሰጠውን ቁጥር ከፍ አደረጉት። የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ማስደንገጥ ግን የለበትም። ፔፐሩ ከመመረቂያ ጽሑፍ የወጣ መሆኑን ለአርታኢው በሚላከው ደብዳቤ ላይ መግለጽ የተለመደ አሠራር ነው። የሥራ ዘዴውን የሚያስረዳውን ክፍል ግን በአዲስ ቃል ጻፈችው።

ማጣቀሻዎቹን አንድ በአንድ ዲኦአይ በሚባለው መለያ ቁጥራቸው ስንፈልግ ሁለቱ የትም አልተገኙም። እንግሊዝኛውን ለማለስለስ ቻትጂፒቲ ተጠቅማ ነበር። መሣሪያው አረፍተ ነገሩን ሲያስተካክል ከራሱ ፈጥሮ ጣል ያደረጋቸው ናቸው። አወጣናቸው። ብዙ አሳታሚዎች አሁን እንዲህ ያለ መሣሪያ ጥቅም ላይ ከዋለ ይገለጽ ይላሉ፤ እሷም ገለጸች።

የት ይላክ?

ኢሜይሏ በግብዣ ተሞልቶ ነበር። "ክብርት ፕሮፌሰር" ይላታል አንዱ። ዶክተር እንኳ አይደለችም። "በዚህ ሳምንት ከላኩ በሚቀጥለው ሳምንት ይታተማል" ይላል ሌላው። የጆርናሉ ስም ምሕንድስናንም፣ ግብርናንም፣ ሕክምናንም፣ አስተዳደርንም በአንድ ላይ ይዟል። ክፍያው ደግሞ አጓጊ ነው። ዝቅ ያለ፣ ግን በዶላር። እንዲህ ያለው ጆርናል ፔፐሩን አያነበውም፤ ብሩን ነው የሚቆጥረው።

ድሮ ሰው ሁሉ የሚያየው ጄፍሪ ቢል ያወጣውን የእንዲህ ያሉ አጠራጣሪ ጆርናሎች ዝርዝር ነበር። ቢል በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። ዝርዝሩን ራሱ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. አወረደው። እስካሁን በየቢሮው በፍላሽ የሚዞረው የዚያ ቅጂ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተከፈተውን አያውቅም። ተቃራኒው ስህተትም አለ። "እኔ በፊት አሳትሜበታለሁ፣ ጥሩ ነው" የሚባለው። ጆርናል ይበላሻል። ሂንዳዊ የሚባለውን አሳታሚ ዋይሊ በ2021 እ.ኤ.አ. ገዛው። በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎቹ እንዲሻሩ ተደረገ፤ ስሙም ቀረ። በእኛ አገር ስንት መምህር እዚያ አሳትሞ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። አማካሪዋ መጀመሪያ ያሰበው ጆርናልም ስኮፐስ ከሚባለው የጆርናሎች መዝገብ ወጥቶ አገኘነው። ያወቅነው የጆርናሉን ድረ ገጽ አይተን አይደለም። እዚያማ አርማው አሁንም ተለጥፏል። የስኮፐስን የራሱን ዝርዝር ከፍተን ነው።

የብር ነገር ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ተስፋ የሚቆርጥበት ነው። ኢትዮጵያ፣ የምርምር ጽሑፎችን ለአነስተኛ ገቢ አገሮች በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ ምደባ፣ "ግሩፕ ኤ" ውስጥ ናት። ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ፣ ማለትም ማንም በነጻ በሚያነባቸው፣ ጆርናሎቻቸው ላይ ለዚህ ምድብ ደራሲዎች የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ። በከፊል ክፍት በሆኑት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ አይሠራም። እዚያ በደንበኝነት በሚነበበው መንገድ ካሳተሙ ደራሲው አይከፍልም፤ ያው አንባቢው ነው የሚከፍለው። ሁለቱን ሳይለዩ ገብቶ መጨረሻ ላይ የሁለትና የሦስት ሺህ ዶላር ደረሰኝ የሚመጣበት ሰው አለ። እሷ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ ጆርናል መረጠች። ክፍያውን የሚመለከተውን ገጽም ከመላኳ በፊት አስቀመጠችው።

አገር ውስጥስ? አማራጭ አለ። አዲስ አበባ የሚታተመው "ዘዴ" የቆየ የምሕንድስና ጆርናል ነው። እዚሁ ኮምቦልቻም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያሳትመው የምሕንድስናና የኮምፒውቲንግ ጆርናል አለ። ለአካባቢ ቁሳቁስ ጥናት መጥፎ ቦታ አይደሉም፤ እንደውም ለብዙ ሥራ ትክክለኛው ቦታ እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። አማካሪዋ ግን ገምጋሚው ሁለቱንም የማያውቅ ሰው እንዲሆን ፈለገ። በደሴና በኮምቦልቻ ኮንክሪት የሚጨፈልቅ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

ከመላኩ በፊት ሁለት የስም ጉዳይ ተነሳ። አንዱ የራሳቸው ስም ነው። የጆርናል ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የለንም። አማካሪዋ በአንዱ ፔፐር የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ስም ሞልቶ ስኮፐስ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ተመዝግቧል። ኦርሲድ የሚባለው ባለ 16 አሃዝ መለያ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ ስሙ ቢገለባበጥም ቁጥሩ አንድ ነው። እሷ የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋ ጀመረች። ከእንግዲህ በዚሁ መቀጠል ነው።

ሁለተኛው የአንድ ባልደረባ ስም ነው። ላቦራቶሪው እንዲከፈት ደብዳቤ የፈረመ ሰው "እኔንም ጣል አድርጊኝ እንጂ" አላት። በሳቅ ነው ያለው፤ የቀለደ ግን አይመስልም። እሷ ዝም አለች። ሰውየው አለቃ ነው። አማካሪዋ ጆርናሉ እያንዳንዱ ደራሲ ምን እንደሠራ የሚሞላበትን ቅጽ አተመና ወስዶ ሰጠው። "የትኛው ላይ ልሙላህ?" አለው። ሰውየው አየት አየት አድርጎ "ምስጋናው ላይ ይበቃኛል" አለ። ምስጋናው ላይ ገባ።

የመጀመሪያው ጆርናል በቀናት ውስጥ መለሰው። ለገምጋሚ እንኳ አልደረሰም። አርታኢው "ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን የቁሳቁስ ውስጣዊ መዋቅር ላይ እናተኩራለን" አለ። እሷ ከፋት። አማካሪዋ "አብሽሪ፣ ይሄ ግምገማ አይደለም፤ በር ላይ ነው የተመለስሽው" አላት። እውነቱን ነው። የጆርናሉን ያለፈው ዓመት ርዕሶች አንድ ሰዓት ቢያገላብጡ ኖሮ ግን በሩ ላይም አይቆሙም ነበር። ለሁለተኛው ጆርናል እንደዚያ አደረጉ። ከአመድ ጋር የተያያዙ ሥራዎችን በብዛት የሚያወጣ መሆኑን አይተው ላኩ። ወሮች አለፉና ውሳኔው መጣ፦ "ሜጀር ሪቪዥን"፤ ብዙ ተስተካክሎ ይመለስ ማለት ነው።

"ጭድ ይጣላል እንዴ?"

የፔፐሩ መግቢያ እንዲህ የሚል አረፍተ ነገር ነበረው፦ "የጤፍ ጭድ በኢትዮጵያ በብዛት የሚጣልና አካባቢን የሚበክል የእርሻ ተረፈ ምርት ነው።" ሁለተኛው ገምጋሚ ከሥሩ አሰመረና ጠየቀ። የሚጣል ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? በአካባቢያችሁ ለከብት መኖ አይውልም?

ይህን ያነበበ የወሎ ሰው ሁሉ ያፍራል። ጭድ እዚህ አገር አይጣልም። በሬው ይበላዋል። የተረፈው ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይለሰንበታል። ክረምት ሲገባ ዋጋው ይወጣል። ያንን አረፍተ ነገር ከየት አመጣሽው ስንላት ፈልጋ አገኘችው። ከሩዝ ቅርፊት ፔፐሮች የመጣ ነው። እዚያ ልክ ነው። የሩዝ ቅርፊት ደረቅና ሻካራ ስለሆነ ለመኖ እምብዛም አይሆንም፤ ወፍጮ ቤት ደጅ ይከመራል። ሩዝ ወጥቶ ጤፍ ሲገባ አረፍተ ነገሩ እንዳለ ቀረ።

የሚገርመው፣ ጭዱን የሸጡላት የሐርቡ አባት ጉዳዩን ቀድመው ነግረዋታል። "ለምንድን ነው የምትወስጂው ልጄ?" ሲሏት "አቃጥዬ አመዱን ላጠናው ነው" አለቻቸው። "ያ ረቢ! ጭድ ይቃጠላል እንዴ? ከብቱስ?" አሏት። ከዚያም ወደ ክምሩ ጥግ ወስደው ዝናብ የመታውን፣ የሻገተውንና ከብት የማይነካውን አሳዩዋት። "ይሄን ውሰጂ፤ ይሄ ለምንም አይሆን" አሏት። የወሰደችውም እሱን ነው። ሙሉው ጥናት የተሠራው በተበላሸ ጭድ ነው። ፔፐሩ ላይ ግን ስለ መበላሸቱ አንዲት ቃል የለም።

ይህ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ገበሬው የሰጧት መረጃ ገምጋሚው ከጠየቀው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። እሷ ሰምታዋለች፣ ጭዱንም በእጇ ይዛዋለች፣ ግን "ሳይንስ" አልመሰላትም። ሳይንስ የመሰላት ከሌላ አገር ፔፐር የተቀዳው መስመር ነው።

መግቢያው እንደገና ተጻፈ። ደህናው ጭድ መኖና የግንባታ ቁሳቁስ መሆኑ፣ ጥናቱ የሚመለከተው ለመኖ የማይሆነውን ብቻ መሆኑ ተገለጸ። "ርካሽ" የሚለው ቃል ከሦስት ቦታ ወጣ፤ ዋጋ አልተጠናምና። መዘዝም አመጣ። የሻገተና በዝናብ የታጠበ ጭድ ከደረቁ ጋር አንድ ዓይነት አመድ ይሰጣል ወይ? ዝናብ ከጭድ ውስጥ ፖታሲየሙን አጥቦ ይወስዳል። ኮንክሪት ውስጥ ደግሞ እንደ ፖታሲየም ያለ አልካሊ ሲያንስ ይመረጣል። ስለዚህ ውጤቱ ለደህናው ጭድ ላይሠራ ይችላል። ይህም እንደ ገደብ ተጻፈ። እንዲህ ሲጻፍ ፔፐሩ የሚያንስ መስሏት ነበር። እኔ እንደውም ያን ጊዜ ነው የራሷ ሥራ የመሰለኝ።

አንድ ጆግ ውሃ

የመጀመሪያው ገምጋሚ የላቦራቶሪ ሰው ነው፤ ከጥያቄው ያስታውቃል። "አመድ ውሃ ይመጥጣል። አምስቱም ድብልቆች አንድ ዓይነት ውሃ ነበራቸው ካላችሁ 20 በመቶው እንዴት ያን ያህል ስላምፕ ሰጠ?" ስላምፕ ማለት ያልደረቀ ኮንክሪት ምን ያህል እንደላላ የሚያሳይ ልኬት ነው።

ሰንጠረዡን አየነው። ልክ ነው፤ ስላምፑ ከተጠበቀው በላይ ነው። እሷን ስንጠይቃት ትንሽ አሰብ አድርጋ ነገረችን። 15 በመቶው ላይ ሲደርሱ ድብልቁ ደረቀ፤ ሻጋታ ውስጥ አልገባም አለ። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ዕድሜ ልካቸውን ኮንክሪት ያቦኩ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ይሄ አይሆንም፣ ጠብ አድርጊበት" አሏት። በጆግ ጨመረች። 20 በመቶው ላይ ደግሞ ትንሽ አብዝታ። ስንት እንደሆነ አልተመዘነም።

ሳይት ላይ ይህ የየዕለት ነገር ነው። ጥናት ላይ ግን ሁሉንም ይገለብጣል። ዳፍ አብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጀምሮ የሚታወቅ ሕግ ነው፤ ውሃው ለሲሚንቶው ሲበዛ ጥንካሬው ይወርዳል። ታዲያ 15 እና 20 በመቶ ላይ የታየው ቁልቁለት የአመዱ ነው ወይስ የጆጉ? ለይቶ ማወቅ አይቻልም። "ምርጡ መጠን 10 በመቶ ነው" የሚለው መደምደሚያ ደግሞ የቆመው በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

አማካሪዋ መጀመሪያ ላይ በቃላት ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ "ለመሠራት አመቺነት ሲባል መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጓል" ዓይነት። አይሆንም አልኩ። እንዲህ የጠየቀ ገምጋሚ በእንዲህ ያለ መልስ አይለቅም። ቢለቅም እንኳ ሌላ ተማሪ በዚያ ቁጥር ተነስቶ ይሠራል። አምስቱም ድብልቆች ከመጀመሪያው እንዲሠሩ ተወሰነ። በዚህኛው ውሃው አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ድብልቁ ሲደርቅ ሱፐርፕላስቲሳይዘር በሚባል፣ ውሃ ሳይጨመር ኮንክሪትን በሚያላላ ኬሚካል እየተመዘነ ይላላል።

እንደገና መሥራቱ የሌላውንም ጥያቄ መንገድ ከፈተ። ገምጋሚው "28 ቀን ለፖዞላን አይበቃም፣ 90 ቀን የት አለ?" ብሎ ነበር። የፖዞላን ሥራ ዝግ ያለ ነው፤ በ28 ቀን የሚለካ ሰው ለአመዱ ጊዜ ሳይሰጠው ነው የሚፈርድበት። ጆርናሉ የሰጠው የማስተካከያ ጊዜ ግን ሁለት ወር ነው። 90 ቀን ደግሞ በሁለት ወር አይገባም። ለአርታኢው አጭር ኢሜይል ተጻፈለት፦ ገምጋሚው የጠየቁትን ሙከራ እየሠራን ነው፣ ኩቦቹ እስከዚህ ቀን ውሃ ውስጥ ናቸው፣ ጊዜ ይጨመርልን። በማግስቱ ተጨመረ። ሰው ይህን ለመጠየቅ ለምን እንደሚፈራ አይገባኝም።

እሷ አሁን የምትኖረው ደሴ ስለሆነ ኩቦቹን እዚያው ለማኖር አስባ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅርብ ነው። ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል። የደሴ ሌሊት ውሃን ያቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የፖዞላንን ሥራ ይብስ ያዘገያል። የአውሮፓው ስታንዳርድ የኩብ መጠበቂያ ውሃ 20 ዲግሪ፣ ቢበዛ በ2 ዲግሪ ከፍ ዝቅ ያለ እንዲሆን ይላል። ስለዚህ ኩቦቹ ኮምቦልቻ ቀሩ፤ ገንዳው ውስጥም ቴርሞሜትር ተንጠለጠለ። በየጊዜው የሚነበበውን ቴክኒሻኑ ይጽፉ ነበር። ደብተሩን ያየሁት እኔ ነኝ፤ በቀኝ በኩል በቀይ እስክሪብቶ የእያንዳንዱ ድብልቅ ውሃ በግራም ሰፍሯል። ከሥሩ "ጆግ ክልክል ነው" የሚል የሳቸው ጽሕፈት አለ።

90 ቀን ሲሞላ 15 በመቶው አመድ ከሌለበት ኮንክሪት ጋር ተቀራርቦ ተገኘ። 20 በመቶው አሁንም ወረደ። በ28 ቀን የተሻለው 10 ነው፤ በ90 ቀን ግን 15ም ያስኬዳል። የመመረቂያ ጽሑፉ መደምደሚያ ተቀየረ ማለት ነው። ሦስት ኩብ ተጨፍልቆ አማካዩ ብቻ ይቀርብ የነበረውም ቀረና ከአማካዩ ጎን የልዩነቱ መጠን ተጻፈ።

የቀሩት ጥያቄዎች

ሲሚንቶው ምን ነበር? ፔፐሩ "ሲሚንቶ" ብቻ ይላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። ፒፒሲ ከሆነ ቀድሞውኑ ፐሚስ አለበት። በአውሮፓው ምደባ ፖዞላን ያለው ሲሚንቶ ውስጥ የፖዞላኑ ድርሻ እስከ 35 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ 10 በመቶ አመድ ሲጨመር የአመዱን ሥራ ከፐሚሱ መለየት አይቻልም። ደብተሩ ዝም ይላል። የተገኘው ከስልኳ ነው። ኩብ ሲሞሉ ጓደኛዋ ባነሳቻት ፎቶ ላይ ከኋላ የከረጢቱ ጽሑፍ ይታያል፦ ኦፒሲ፣ 42.5። ኦፒሲ ፖዞላን ያልተጨመረበት ሲሚንቶ ነው፤ 42.5 ደግሞ የጥንካሬ ደረጃው ነው። በአዲሱ ሙከራ ከረጢቱ ሆን ተብሎ ፎቶ ተነሳ።

የቃጠሎው ሙቀትም አልተጻፈም ነበር። "ተቃጠለ" ብቻ። ከ700 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ ሲሊካው ወደ ክሪስታል እየተለወጠ ይሄዳል፤ ያኔ አመድ መሆኑ እንጂ ፖዞላን መሆኑ ይቀራል። በጣም ሲያንስ ደግሞ ያልተቃጠለ ካርቦን ይተርፋል፤ አመዱ ይጠቁራል፣ ውሃም ይመጥጣል። በአዲሱ ሙከራ ፈርነሱ 650 ላይ ተደርጎ ሰዓቱ ተመዘገበ። የተቃጠለው አመድ ናሙናም አዲስ አበባ ለኬሚካል ትንተና ተላከ። ፔፐሩ አመዱን የለካው በአሜሪካው ስታንዳርድ ሲ 618 ነው፤ ለተፈጥሮ ፖዞላን የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆን የሚጠይቀው። ገምጋሚው "ስታንዳርዱ የድንጋይ ከሰል አመድንና የተፈጥሮ ፖዞላንን እንጂ የጭድ አመድን አይመለከትም" አለ። ትክክል ነው። "አሟልቷል" የሚለው ወጥቶ "ለማነጻጸሪያ ያህል" የሚል ገባ።

አንዱ ገምጋሚ የአንድ ሰው ሦስት ፔፐር ጥቀሱ ብሏል። ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። አንዱ በእርግጥ ይመለከተው ስለነበር ተጠቀሰ። ስለ ሁለቱ "አንብበናቸዋል፤ ከዚህ ሥራ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አላገኘንም" ተባለ። ምንም አልመጣም።

መልሱ

ከተስተካከለው ፔፐር ጋር የሚላከው የመልስ ደብዳቤ ከፔፐሩ እኩል ጊዜ ወስዷል። ሊወስድም ይገባል። የእያንዳንዱ ገምጋሚ አስተያየት ቃል በቃል ተገለበጠ፤ ከሥሩ መልሱ፤ ከሥሩ የተቀየረው የት ገጽ እንደሚገኝ። የውሃው መልስ ይህን ይመስል ነበር፦

"ገምጋሚው ትክክል ናቸው። በመጀመሪያው ሙከራ በ15 እና በ20 በመቶ ድብልቆች ላይ ውሃ ተጨምሯል፤ መጠኑም አልተመዘገበም። ስለዚህ የቀድሞውን ውጤት በሙሉ አውጥተናል። አምስቱም ድብልቆች ውሃው ሳይለወጥ እንደገና ተሠርተዋል። ዘዴው በክፍል 2.3፣ ውጤቱ በሰንጠረዥ 4 ቀርቧል። መደምደሚያውም ተቀይሯል።"

አማካሪዋ ይህን ሲያነብ "ራሳችንን አጋለጥን እኮ" አለ። የመጀመሪያው ገምጋሚ በሁለተኛው ዙር የጻፈው ግን ሁለት መስመር ነው። አንዱ ምስጋና ነው፤ ሌላው የአንድ ግራፍ ዘንግ መለኪያ እንዲጻፍበት ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ የተበላሸ ጭድ የሚለው ርዕሱም ላይ እንዲገባ ጠየቀ። ገባ። ቋንቋ ላይ አሁንም አንድ መስመር አለ፦ "ጥቂት የፊደል ግድፈት ይታረም።"

ከዚያ ተቀባይነት አገኘ። የማተሚያ ረቂቁ መጥቶ በ48 ሰዓት ውስጥ አርማችሁ መልሱ ተባለ። ኮምቦልቻ መብራት የለም፣ ደሴ አለ፤ ደሴ ላይ ተቀምጠን አነበብነው። ጽሑፉ ደህና ነው። ሰንጠረዥ 4 ላይ ግን የ28 እና የ90 ቀን ዓምዶች ርዕስ ተቀያይሯል። እንዲህ ቢታተም ኮንክሪቱ ከ28 ቀን በኋላ እየደከመ የሚሄድ ይመስል ነበር። የእሷም የአባቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱም ታረሙ። የክፍያ ማሳወቂያው ሲመጣ ዜሮ ይላል፤ አማካሪዋ ግን ለማንኛውም ብሎ አትሞ ፋይል አደረገው።